የቧንቧ ውሃ ጥንካሬና ጥራት በሮቤ፣ በጎባና በባሌ ደጋማ አካባቢዎች

የሳነቴን አምባ በቅርብ የሚያይ ሰው ከዚያ የሚወርደው ውሃ ንጹሕ ስለመሆኑ መጠራጠር ያዳግተዋል። ውሃው ቀዝቃዛ፣ ጥርት ያለና ለጣዕም የሚስማማ ነው። በአንጻሩ ከተራራው ርቆ የኖራ ድንጋይ ወደሚበዛበት ቆላማ አካባቢ የሚወርድ ሰው በማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋግር፣ ሳሙናም እንደልብ የማያረፋ ውሃ ያጋጥመዋል፤ እንዲህ ያለውንም ውሃ ለጤና የማይበጅ አድርጎ ይጠረጥራል። ሁለቱም ግምቶች ከዓይንና ከእጅ ልምድ የመነጩ በመሆናቸው ሊናቁ አይገባም። ይሁን እንጂ ስለ ውሃው ጤናማነት የሚነግሩት እጅግ ጥቂት ነው። ነጩ ቅርፊት የሚያመለክተው የማዕድን መጠንን ነው፤ ለሕመምና ለሞት የሚዳርገው ብክለት ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀለምም፣ ሽታም፣ ቅርፊትም የለውም።

የውሃ ጥንካሬ ሲባል በውሃው ውስጥ የሟሟው የካልሲየምና የማግኒዚየም መጠን ማለት ነው። እነዚህ ሁለት ማዕድናት የበዙበት ውሃ ጠንካራ፣ ያነሱበት ለስላሳ ይባላል። የውሃ ጥራት ግን ከዚህ የሰፋ ጉዳይ ሲሆን ረቂቅ ተሕዋስያንን፣ ድፍርስነትን፣ ናይትሬትን፣ ፍሎራይድን፣ ብረትንና ሌሎችንም ይጨምራል። ለስላሳ የሆነ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም፤ ጠንካራ የሆነም ሁሉ የተበከለ አይደለም።

ውሃው የሚያልፍበት ዐለት

ዝናብ ሲዘንብ ማዕድን የለሽ ነው ማለት ይቻላል። ጥንካሬን የሚያገኘው መሬት ከነካ በኋላ በሚያልፍበት አፈርና ዐለት፣ እንዲሁም በዚያ ውስጥ በሚቆይበት ጊዜ ልክ ነው። የባሌ ተራሮች የተገነቡት ከእሳተ ገሞራ ከወጡ እንደ ባዛልትና ትራካይት ካሉ ዐለቶች ነው። ከባሕር ወለል በላይ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱም ሆነ ሰፊው የሳነቴ አምባ የዚሁ የእሳተ ገሞራ ሥራ ናቸው። እነዚህ ዐለቶች በውሃ የሚሟሙት በዝግታ ስለሆነ ከላይ የሚፈልቁ ምንጮችና የሚወርዱ ጅረቶች የሚሸከሙት ካልሲየምና ማግኒዚየም በአብዛኛው አነስተኛ ነው።

ጎባ ወደ 2,740 ሜትር፣ ሮቤ ደግሞ ወደ 2,490 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 15 ኪሎ ሜትር እንኳን አይሞላም፤ ስለ ውሃ በሚነሳ ጉዳይ ግን የከፍታው ልዩነት ትርጉም አለው። ከጎባ በላይ ያለው መሬት ተዳፋት ስለሆነ ውሃው ፈጥኖ ይወርዳል። ሮቤና ሲናና የተንጣለሉበት የስንዴ ሜዳ ግን ከባዛልት የተፈጠረ ጥቁር መረሬ አፈር የለበሰ ሲሆን፣ ከዚያ በታች ያለው የከርሰ ምድር ውሃ ከዐለቱ ጋር ረዘም ያለ ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ በአንድ ወረዳ ውስጥ እንኳ ከምንጭ የተጠለፈ ውሃ ለስላሳ፣ ከጥልቅ ጉድጓድ የተሳበ ውሃ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ሊሆን ይችላል። ነዋሪዎች ውሃው በወቅት ወይም በፈረቃ መልኩን እንደሚለውጥ ሲናገሩ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ይኸው የምንጭ መለያየት ነው።

ሥዕሉ ሙሉ በሙሉ የሚለወጠው በስተምሥራቅ ነው። ሻያና ቶጎና ወንዞች የሚገብሩለት ወይብ ወንዝ ከእሳተ ገሞራው ዐለት ወጥቶ ከሮቤ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ወደሚገኘው ወደ ሶፍ ዑመር ሲደርስ የኖራ ድንጋይ ያገኛል። ይህ ድንጋይ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት በባሕር ወለል ላይ የተከማቸ ሲሆን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያዘለ ውሃ በቀላሉ ያሟሟዋል። ወይብ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘልቀውን የሶፍ ዑመር ዋሻ የቦረቦረውም በዚሁ መንገድ ነው። ውሃ ዐለት ማሟሟቱን ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ በአገራችን ማግኘት ይከብዳል፤ ከዋሻው የጠፋው ድንጋይ ሁሉ ተሟሙቶና ተሸርሽሮ ወደ ታች የሄደ ነው። በየቤቱ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊትና የዋሻው ድንጋይ በኬሚካላዊ ይዘታቸው አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ካልሲየም ካርቦኔት ናቸው። ከዚያም ወዲያ ወደ ሶማሌ ክልል ሲዘለቅ የጂፕሰም ድንጋይ የሚገኝባቸው አካባቢዎች ያጋጥማሉ፤ በዚያ ያለው የጉድጓድ ውሃ ከጥንካሬው በላይ ጣዕሙም ሊመርር ይችላል።

የባሌ አርብቶ አደሮች ይህን የማዕድን ልዩነት ከማንም ቀድመው ያውቁታል። በየተወሰነ ጊዜ ከብቶቻቸውን «ሆራ» ወደሚባሉት ማዕድናማ ምንጮች የሚወስዱት ለጥማት ሳይሆን ለጨው ነው። ለከብት የሚጠቅመው የሆራ ውሃ ለሰው የዘወትር መጠጥ እንደማይሆንም አይስቱትም።

ቁጥሮቹ ምን ማለት ናቸው?

ጥንካሬ የሚለካው በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ባለ ሚሊግራም ሲሆን መጠኑ ወደ ካልሲየም ካርቦኔት ተቀይሮ ይገለጻል። በብዙ አገሮች በሚሠራበት አመዳደብ እስከ 60 ሚሊግራም ያለው ለስላሳ፣ ከ61 እስከ 120 መካከለኛ፣ ከ121 እስከ 180 ጠንካራ፣ ከዚያ በላይ ያለው በጣም ጠንካራ ይባላል። የኢትዮጵያ የመጠጥ ውሃ ደረጃ የሚፈቅደው ከፍተኛ መጠን በሊትር 300 ሚሊግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ ለጥንካሬ በጤና ላይ የተመሠረተ ገደብ አላስቀመጠም፤ ምክንያቱም በመጠጥ ውሃ ውስጥ የሚገኙት ካልሲየምና ማግኒዚየም ሰውነት የሚፈልጋቸው ንጥረ ነገሮች እንጂ መርዝ አይደሉም። በአገራችን የተቀመጠው ገደብ በዋናነት የሚመለከተው የውሃውን ለአጠቃቀም አመቺነት ነው።

ቁጥሩን በሚታይ መልኩ ለመረዳት የ20 ሊትር ጀሪካን በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። ውሃው በገደቡ ጣሪያ ላይ፣ ማለትም በሊትር 300 ሚሊግራም ላይ ያለ ቢሆን፣ በጀሪካኑ ውስጥ ያለው ማዕድን ስድስት ግራም ይሆናል። በሊትር 50 ሚሊግራም ብቻ ያለው ለስላሳ ውሃ ከሆነ ግን ከአንድ ግራም አይበልጥም። በቀን ሁለት ሊትር ውሃ ለሻይ የሚያፈላ ቤተሰብ በመጀመሪያው ሁኔታ በወር እስከ 36 ሊትር ጠንካራ ውሃ በማንቆርቆሪያው ውስጥ ያሳልፋል ብሎ መገመት ስህተት ነው፤ ትክክለኛው 60 ሊትር ነው፤ ማዕድኑም በድምሩ 18 ግራም ይሆናል። ይህ ሁሉ ባይጋገርም ቅርፊቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሚታየው ለዚህ ነው።

ከሌሎች ከተሞች ጋር ማነጻጸሩም ይረዳል። አዲስ አበባ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የምታገኘው ውሃ ለስላሳ ሲሆን፣ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ግን ከዚያ ይልቅ ማዕድን የበዛበት ነው። የኖራ ድንጋይ ባለባቸው በመቀሌና በድሬዳዋ የጉድጓድ ውሃ ጠንካራነት የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። ባሌ የምትለየው ሁለቱን ዓይነት ውሃ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ አጎራብታ በመያዟ ነው። ከድሬዳዋ ወደ ሮቤ የተዛወረ ሠራተኛ ሳሙናው ፈጥኖ ሲያረፋለት፣ ከጎባ ወደ ሶፍ ዑመር አካባቢ የሄደ ደግሞ ሻዩ ላይ ስስ ቅባት መሰል ሽፋን ሲያይ የሚደነቁት ለዚህ ነው።

በቤት ውስጥ የሚታዩ ምልክቶች

ሳሙና በጠንካራ ውሃ ውስጥ ከካልሲየም ጋር ይጣመርና የማይሟሟ ዝቃጭ ይሆናል። ማጠብ የሚጀምረው ይህ ጥምረት ካለቀ በኋላ ስለሆነ ብዙ ሳሙና ይባክናል። ነጭ ልብስ እየቆየ ግራጫ የሚመስለው፣ ነጠላና የሕፃን ልብስ የሚሻክረው ዝቃጩ በድርና ማጉ መካከል ስለሚቀር ነው። የዱቄት ሳሙና በአሠራሩ ከባሕር ማዶም ሆነ ከአገር ውስጥ ይምጣ ይህን ችግር ለመቀነስ የሚረዱ ንጥረ ነገሮች ስላሉት ጠንካራ ውሃ ባለበት አካባቢ ለልብስ የተሻለ ነው። ለገላ መታጠቢያ ግን ሳሙናን በደንብ ማለቅለቅ ይበቃል፤ ቆዳ የሚደርቅበት ሰው ቅባት ቢጠቀም ይረዳዋል።

ውሃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ በግምት ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ባዶ የታሸገ ውሃ ጠርሙስ ሁለት ይዘጋጅ፤ አንዱ በቧንቧ ውሃ፣ ሌላው በንጹሕ ዕቃ በተጠራቀመ የዝናብ ውሃ እስከ ሲሶው ይሞላ። በሁለቱም ላይ እኩል መጠን ያለው የተፈቀፈቀ የገላ ሳሙና ተጨምሮ ለ10 ሰከንድ ይናጥ። የቧንቧው ውሃ እንደ ዝናቡ ካረፋ ለስላሳ ነው፤ አረፋው አንሶ ውሃው እንደ እርጎ አጓት ከደፈረሰ ጠንካራ ነው። ለዚህ ሙከራ የዱቄት ወይም የፈሳሽ ዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አይሆንም፤ በጠንካራ ውሃም ስለሚያረፋ ያሳስታል።

ነጩ ቅርፊት በፈላ ውሃ ዕቃ ላይ ብቻ የሚበዛበት ምክንያት አለው። ካልሲየም ባይካርቦኔት ሲሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይለቅና ወደማይሟሟ ካልሲየም ካርቦኔት ይለወጣል። እንዲህ በማፍላት የሚቀንሰው ጊዜያዊ ጥንካሬ ይባላል። ከጂፕሰም የሚገኘው ጥንካሬ ግን የቱንም ያህል ቢፈላ አይቀንስም። ቅርፊቱ ሙቀት ስለማያስተላልፍ በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማንቆርቆሪያና በሻወር ቦይለር ላይ ጉዳቱ በገንዘብ ይታያል፤ ውሃው ለመሞቅ ብዙ ጊዜ ይፈጃል፣ ማሞቂያው ብረትም ከመጠን በላይ ግሎ ይቃጠላል። የቦይለሩን ሙቀት 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ላይ መወሰን የቅርፊቱን ክምችት ያዘገየዋል።

ቅርፊቱን ለማስወገድ እኩል መጠን ያለው አቼቶና ውሃ፣ ወይም የሎሚ ጭማቂ የተጨመረበት ውሃ በማንቆርቆሪያው ውስጥ አሙቆ አንድ ሰዓት ያህል ማቆየትና ደጋግሞ ማለቅለቅ ይበቃል። የአሉሚኒየም ዕቃ በአሲድ ስለሚጠቃ በውስጡ ማሳደር አይገባም። የሸክላ ጀበና ደግሞ ሽታና ጣዕም ስለሚመጥ በሙቅ ውሃ ብቻ ቢታጠብ ይመረጣል። ከሁሉም በላይ ሊጠነቀቁበት የሚገባው አቼቶን ወይም ሎሚን ከበረኪና ጋር መቀላቀል ነው። ሁለቱ ሲገናኙ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይፈጠራል፤ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሲሆን ሳንባን ክፉኛ ይጎዳል።

የባቄላ ወይም የአተር ንፍሮ ቶሎ አልበስል ሲል ብዙዎች ውሃውን ይወቅሳሉ። ወቀሳው በከፊል እውነት ነው። ካልሲየም በጥራጥሬው ልጣጭና ሥጋ ውስጥ ያለውን አያያዥ ንጥረ ነገር ስለሚያጠነክር በጠንካራ ውሃ የተቀቀለ ባቄላ ይዘገያል። በጎባና በሮቤ ግን ዋናው ተጠያቂ ውሃው ሳይሆን ከፍታው ነው። የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ በመሆኑ ውሃ በሮቤ ወደ 92፣ በጎባ ወደ 91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይፈላል፤ እሳቱን ማብዛት ማገዶ ይፈጃል እንጂ ውሃውን ከዚያ በላይ አያሞቀውም። ጥራጥሬን ጥቂት ጨው በተጨመረበት ውሃ ውስጥ አሳድሮ መቀቀል፣ ድስቱን በሚገባ መክደን፣ የተቻለውም በእንፋሎት ግፊት የሚያበስል ድስት መጠቀም ማገዶንም ጊዜንም ይቆጥባል።

ለስላሳ ውሃ የራሱ ችግር አለው፤ ይህም በደጋው ከተሞች ከቅርፊት ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ማዕድን ያነሰውና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያዘለ ቀዝቃዛ ውሃ ብረት ይበላል። የቆዩ የብረት ቧንቧዎች ባሉባቸው ቤቶች ጠዋት መጀመሪያ የሚቀዳው ውሃ ቀይ ወይም ቡናማ ሆኖ ይወጣል፣ የብረት ጣዕም ይኖረዋል፣ በነጭ ልብስና በመታጠቢያ ገንዳ ላይም የዝገት ነጠብጣብ ይተዋል። በደረጃው የተፈቀደው የብረት መጠን በሊትር 0.3 ሚሊግራም ሲሆን ከዚያ በላይ ሲሆን ዓይንና ምላስ ያውቁታል። ሌሊቱን በቧንቧ ያደረውን ውሃ እስኪጠራ ድረስ አፍስሶ ለወለል ማጠቢያ፣ ለመጸዳጃ ቤት ወይም ለጓሮ አትክልት ማዋል ይገባል፤ ለመጠጥ የሚቀዳው ከዚያ በኋላ ነው። ዘላቂው መፍትሔ ግን የዛገውን የቤት ውስጥ መስመር በፕላስቲክ ቧንቧ መተካት ነው።

ውሃ እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ሲወጣም መደናገጥ ይታያል፤ ክሎሪን በዝቷል ወይም ኖራ ገብቶበታል የሚል ስጋት ይነሳል። በብርጭቆ ቀድቶ ለሁለት ደቂቃ ማስቀመጥ ነገሩን ይለየዋል። ብርጭቆው ከታች ወደ ላይ እየጠራ ከሄደ የታየው በግፊት የታመቀ አየር ነው፤ ምንም ጉዳት የለውም። ነጭ ነገር ከሥር ከዘቀጠ ደግሞ ከቧንቧው የተላቀቀ ቅርፊት ነው። ውሃው ሳይጠራ ደፍርሶ ከቀረ ግን በመስመሩ ላይ አፈር ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ለከተማው የውሃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ያስፈልጋል።

ምልክት የማይተወው አደጋ

በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ ዞን ሐረና ቡሉቅ ወረዳ የኮሌራ ወረርሽኝ ተቀሰቀሰ። በሽታው ወደ አጎራባቹ የበርበሬ ወረዳ፣ ቀጥሎም ወደ ሶማሌ ክልል ተዛምቷል። ሐረና በጥቅጥቅ ደኑና በምንጮቹ ብዛት የሚታወቅ፣ ከመስከረም 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጋር የተያያዘ ሥፍራ ነው። ከዚህ የበለጠ ተፈጥሮ የጠበቀችው አካባቢ በአገሪቱ ጥቂት ነው። ሆኖም የኮሌራ ባክቴሪያ በጠራ ውሃ ውስጥም ይኖራል፤ በሽተኛው ሜዳ ላይ ከተጸዳዳ ዝናብ ዓይነ ምድሩን ጠርጎ ወደ ምንጩና ወደ ወንዙ ያወርደዋል። የውሃው ለስላሳነት፣ ቅዝቃዜውም ሆነ ጣዕሙ ይህን አያግድም።

በከተማ የተጣራና ክሎሪን የተጨመረበት ውሃም ቢሆን ከቤት እስኪደርስ ሊበከል ይችላል። ውሃ በፈረቃ በሚለቀቅበት ጊዜ መስመሩ ባዶ ሆኖ ይቆያል፤ ቧንቧው ስንጥቅ ካለው በዙሪያው ያለው ቆሻሻ ውሃ ወደ ውስጥ ይሳባል። ስለዚህ ከመቋረጥ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ውሃ ለመጠጥ ሊውል አይገባም። ከቦኖ ተቀድቶ በጀሪካን የሚሄደው ውሃ ብዙውን ጊዜ የሚበከለው በመንገድና በቤት ውስጥ ነው፤ ጀሪካኑ ሲቆሽሽ፣ ክዳኑ ሲጠፋ፣ ከበርሜል ውስጥ እጅ በነካው ጣሳ ሲጨለፍ። በጣሪያ ላይ የተቀመጠ ሮቶ ክዳኑ በሚገባ መዘጋትና በየስድስት ወሩ ተፈትጎ በክሎሪን መታጠብ ይኖርበታል።

በባሌ ደጋ ሁለት የሰብል ወቅቶች፣ ሁለት ዝናብም አለ። በዝናቡ መጀመሪያ ላይ የወንዞችና ያልጎለበቱ ምንጮች ውሃ ይደፈርሳል። ድፍርስ ውሃ ላይ ክሎሪን መጨመር ብቻውን አያስተማምንም፤ አፈሩ ክሎሪኑን ይጨርሰዋል፣ ተሕዋስያኑንም ይከልላቸዋል። አስቀድሞ ማጥለልና በንጹሕ ነጠላ ማጣራት፣ ወይም እንደ ቢሻን ጋሪ ያለ አዝቃጭ ያለበትን ዱቄት መጠቀም ያስፈልጋል። ለጠራ ውሃ ውሃ አጋርና አኳታብስ በማሸጊያቸው ላይ በተጻፈው መጠን መሠረት ያገለግላሉ። ተጠቃሚው 30 ደቂቃ መጠበቅ እንዳለበት በብዙ መመሪያ ይነገራል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ግን ክሎሪን ቀስ ብሎ ስለሚሠራ በጎባና ከዚያም በላይ ባሉ ቀበሌዎች፣ በተለይ ማለዳ የተቀዳ ውሃ ሲሆን፣ አንድ ሰዓት መጠበቁ ይመረጣል።

ማፍላት ደግሞ አስተማማኝ ነው። ውሃ በደጋው ከ100 ዲግሪ በታች መፍላቱ ጀርም አይገድልም ማለት አይደለም፤ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ማቆየት በቂ ነው። ከፈላ በኋላ በራሱ ዕቃ ቢቀዘቅዝ፣ ወደ ሌላ ዕቃ ባይገለበጥ ይበጃል።

አንድ ነገር ግን ማፍላት አያስወግድም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር ይበልጥ ያከማቻል። ይኸውም ናይትሬት ነው። ናይትሬት ከማዳበሪያ፣ ከከብት እበትና ከመጸዳጃ ጉድጓድ ወደ ከርሰ ምድር ይሠርጋል። ማዳበሪያ በስፋት በሚውልበት የስንዴ አካባቢ፣ እንዲሁም መጸዳጃ ቤትና በእጅ የተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ በተቀራረቡባቸው የከተማ ግቢዎች ሊዘነጋ አይገባም። መጠኑ በሊትር ከ50 ሚሊግራም ሲያልፍ በተለይ ከስድስት ወር በታች ያሉ ሕፃናትን ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያውካል፤ ከንፈራቸውና ጥፍራቸው ይጠቁራል። ሕፃኑ እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ሲጠባ፣ ውሃም ሆነ የአብሽ ውሃ ሳይቀምስ ሲያድግ ከዚህም ከተቅማጥም ይጠበቃል። የዱቄት ወተት ለሚያስፈልገው ሕፃን ከእጅ ጉድጓድ የተቀዳ፣ ያልተመረመረ ውሃ መጠቀም አይገባም።

ፍሎራይድም እንዲሁ በማፍላት አይወገድም። ይህ በዋናነት የስምጥ ሸለቆው ችግር ነው፤ በደረጃው የተፈቀደው መጠን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን በጥልቅ ጉድጓድ ላይ ሁልጊዜ መመርመር ይኖርበታል።

ስለ ኩላሊት ጠጠርና ስለ ማጣሪያ መሣሪያዎች

ጠንካራ ውሃ የኩላሊት ጠጠር ያመጣል የሚለው አስተሳሰብ በሰፊው የተሠራጨ ቢሆንም አጥጋቢ የሳይንስ ማስረጃ የለውም። ለጠጠር ይበልጥ የሚያጋልጠው ውሃ አብዝቶ አለመጠጣት ነው፤ ውሃውን ፈርቶ መጠጥ የሚቀንስ ሰው የፈራውን ነገር ራሱ ይጠራዋል።

ጥንካሬን የሚቀንሱ መሣሪያዎች ካልሲየምን በሶዲየም ይተካሉ። በሊትር 300 ሚሊግራም ጥንካሬ ያለው ውሃ በዚህ መንገድ ሲለሰልስ በሊትር ወደ 138 ሚሊግራም ሶዲየም ይጨመርበታል፤ ለደም ግፊት ሕሙማንና ለሕፃናት መጠጥ አይመከርም። በሮቤና በጎባ ለስላሳ ምንጭ ለሚደርሰው ቤት እንዲህ ያለ መሣሪያ መግዛት ወጪ ብቻ ነው። የሸክላ ማጣሪያ ተሕዋስያንን እንጂ ጥንካሬን አይቀንስም። ቧንቧ ላይ በሚታሠር ማግኔት ውሃን ያለሰልሳሉ ተብለው የሚሸጡ ዕቃዎች ጥቅማቸው አልተረጋገጠም።

ውሃን ለማስመርመር

በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ቀሪ ክሎሪን በቦታው በሚደረግ ቀላል ምርመራ ይለካል። በእንክብል የሚሠራው መለኪያ ክሎሪን ሲኖር ወደ ሮዝ ቀለም ይለወጣል፤ ቀለም ካልታየ በመስመሩ ላይ ያለው መከላከያ አልቋል ማለት ነው። የከተማው የውሃ አገልግሎት ባለሙያ ይህን በደንበኛው ቧንቧ ላይ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊያሳይ ይችላል፤ ነዋሪዎችም እንዲደረግላቸው መጠየቃቸው ተገቢ ነው። ከላቦራቶሪ ውጤት ላይ በመጀመሪያ ሊታይ የሚገባው የኢ-ኮላይ ቁጥር ሲሆን በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ዜሮ መሆን አለበት። ቀጥሎ ናይትሬት፣ ፍሎራይድና ድፍርስነት ይታያሉ። ጠቅላላ ጥንካሬ የሚለው መስመር የሚታየው ከእነዚህ በኋላ ነው።

ለጥንካሬ ምርመራ የሚወሰደው ናሙና በማንኛውም ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ ተለቅልቆ፣ እስከ አፉ ሞልቶ መምጣት ይችላል። የጀርም ናሙና ግን በላቦራቶሪው በተዘጋጀ የታከመ ጠርሙስ ብቻ ይወሰዳል። ቧንቧው ተጠርጎ ውሃው ለሁለት ወይም ለሦስት ደቂቃ እንዲፈስ ይደረጋል፤ የጠርሙሱ አፍና የክዳኑ ውስጥ በእጅ አይነካም። ናሙናው ከብርሃን ተጠብቆ በበረዶ ውስጥ ይጓዛል፤ ቢቻል በስድስት ሰዓት፣ ቢዘገይ ከ24 ሰዓት ሳያልፍ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ጥቂት ዱቄት ወይም ጠብታ ክሎሪኑ በጉዞ ላይ ጀርሙን እንዳይገድለው የሚያመክን መድኃኒት ስለሆነ ይህን ጠርሙስ ማለቅለቅ ፈጽሞ አይገባም።